ድጋፉ አይነሳም

ካምፓላ ውስጥ ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቀው ዝናብ ነው። ሰርግ ለሰርግ ቢዞሩ፣ ቢሮ ለቢሮ ቢንከራተቱ የማያገኙትን ሰው አንድ ደህና ዶፍ ከአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቶ ያስጠጋዋል። እትዬ ለተጊዮርጊስና ኢንጂነር ሚልኪያስም የተገናኙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ኪኩቦ ውስጥ፣ የጅምላ ሱቆቹ ተጋፍተው መንገዱን ለአንድ ሰው ትከሻ ብቻ ባስቀሩበት ሥፍራ፣ ሳህንና ብርጭቆ በሚሸጥበት ሱቅ በረንዳ ላይ።

እትዬ ለተጊዮርጊስ ሳህን ሊገዙ ነበር የመጡት። ለቤታቸው እንዳይመስላችሁ፣ ለድግስ ነው። ካባላጋላ ውስጥ ምግብ ቤት ከከፈቱ ወዲህ ያኔ ልጅ የነበረው ሁሉ ዛሬ ልጅ ወልዷል። ያገራቸውን ሰው ሲያበሉ፣ ሲድሩ፣ ሲቀብሩ ኖረው የእድሩ ዳኛ ሆነዋል። እድሩ ደግሞ ወደ ፖርት ቤል በሚወስደው መንገድ ዳር ቦታ ገዝቶ አዳራሽ እያሠራ ነው። ወገናቸው ለቅሶውን በኪራይ ድንኳን፣ ሰርጉን በሰው ሆቴል ማድረጉ እያንገበገባቸው ሥራውን ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በተሰበሰበበት ተነሥተው፣ «የዛሬ ዓመት ሚያዝያ ሃያ ሦስት ማኅበርተኛው በገዛ ጣሪያው ሥር ካልበላ እኔ ለተጊዮርጊስ አይደለሁም» ብለው ተሳሉ። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዳራሹ አርክቴክት እሳቸው፣ መሐንዲሱ እሳቸው፣ ቀን ቆራጩ ደግሞ ስለታቸው ሆነ።

አሁን በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ለአዳራሹ ጣሪያ፣ ለላይኛው ፎቅ ደግሞ ወለል የሚሆነው ሶሌታ ባለፈው ቅዳሜ አርማታ ተሞልቶበታል። ከሥሩ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ጫካ መስለው ተሸክመውታል። ጫካው ካልተነሳ ጠረጴዛ አይገባም። ስለዚህ እትዬ ለተጊዮርጊስ በረንዳው ላይ እንደቆሙ ለፎርማኑ ለጆኒ ደወሉና፣ ሦስት ቋንቋ ባንድ ድስት እየቀላቀሉ፣ ዝናቡን በሚያሸንፍ ድምፅ፣ ማክሰኞ ድጋፉን ሁሉ አንሡ፣ አንድም እንጨት እንዳላይ ብለው አዘዙ። ጆኒ «ግን ማማ ሌቲ…» ማለት ሲጀምር፣ «ክፉ አታውራብኝ» ብለው ስልኩን ዘጉበት።

አጠገባቸው የቆመው ወጣት የጎማ ጫማ ሊገዛ የመጣ ነበር። ላለመስማት ፊቱን ወደ ዝናቡ አዙሮ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ አልቻለም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ሳልጠራ መግባቴ ነው» አለ። «ይሄ ይነሳ ያሉት ድጋፍ የጣሪያ ሶሌታ የተሸከመ ነው?»

እትዬ ለተጊዮርጊስ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ ነው። ያገር ልጅ መሆኑ ደስ አላቸው፤ ጥያቄው ግን ደስ አላላቸውም።

«አዎ። ምነው?»

«ከተሞላ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ባለፈው ቅዳሜ ነው የተሞላው። ጭብጨባ ነበር፣ በግ ታርዶ ነበር። አንተ ግን ሥራህ ምንድን ነው?»

ሚልኪያስ መሐንዲስ መሆኑን፣ ጤና ጣቢያ በሚያሠራ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ እንደሚሠራ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ብዙ እንዳልቆየ ነገራቸው። የሱ ድርሻ የግንባታ ስጋት መሆኑንም ጨመረ። ስጋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ቢበላሽ ማንን እንደሚጎዳና ምን እንደሚያስወጣ አስቀድሞ መናገር ነው አላቸው።

«ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉሃል?»

«ይከፍሉኛል።»

«ጉድ ነው» አሉ እትዬ ለተጊዮርጊስ። «እኛ አገር ሟርተኛ በነፃ ነበር የሚያሟርተው።»

ሚልኪያስ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር እትዬ ለተጊዮርጊስን ብቻ አትፍረድባቸው። እኛ ሁላችንም ልጅ መንገድ ሲወጣ «ጎማህን አይተሃል?» ከማለት «በሰላም ግባ» ማለት ይቀለናል። ቤት ሲሠራ «ቢሰነጠቅስ?» ያለ ሰው ምቀኛ ይባላል። ክፉውን በስሙ ከጠሩት አቤት ብሎ የሚመጣ ይመስለናል፤ ዝም ካልነውም መንገዱ የሚጠፋበት። እሳቸውም በዚህ እምነት አድገው፣ በዚህ እምነት ነግደው፣ ደህና ኖረዋል። ስለዚህ ከሟርተኛ ጋር አንድ በረንዳ ላይ መቆማቸው ኮሰኮሳቸው።

ዝናቡ አላቆም ሲል ክርክሩም አላቆመም። ሚልኪያስ በትሕትና አርማታ እንዴት እንደሚጠነክር አስረዳቸው። ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ገና ነው፤ የራሱን ክብደትና የሰው ክብደት ያለ ድጋፍ ለመሸከም ብዙውን ጊዜ ወር ያህል ይፈልጋል፤ ሲሞላ ዝናብ ከመታው ደግሞ ይብስበታል። ድፎ ዳቦ ሲደፉ ላዩ ስለቀላ ብቻ ከእሳት ያወጡ እንደሆነ ጠየቃቸው። እንጨት ሰክተው እንደሚያዩ በኩራት መለሱለት። ወዲያው ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸውና፣ ዳቦ ዳቦ ነው፣ የጊዮርጊስ ቤት የጊዮርጊስ ቤት ነው፣ እሱ የሚጠብቀውን የሚያፈርስ የለም አሉ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ» አለ ሚልኪያስ። «የእድር ዳኛ ነኝ ብለውኛል። እድርተኛው በየወሩ የሚያዋጣው ለምንድን ነው?»

«ለምን ይሆናል? ሰው ሲሞት ለመቅበር፣ ያዘነውን ለማጽናናት ነዋ።»

«ገንዘቡ የሚዋጣው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው?»

«አብደሃል? ሬሳ እየጠበቀ ሳንቲም ይለመናል?»

«ስለዚህ ሰዎቹ ቆመው እየሄዱ፣ እየሳቁ፣ ልጅ እየዳሩ፣ እናንተ በየወሩ ተሰብስባችሁ ስለ ሞታቸው ትመክራላችሁ። ድንኳኑን ታዘጋጃላችሁ። ተራ ታወጣላችሁ። ታዲያ እናንተ ሟርተኞች ናችሁ? ወይስ እድሩ ስለኖረ ነው ሰው የሚሞተው?»

እትዬ ለተጊዮርጊስ በሕይወታቸው እድርን በዚህ በኩል ያየባቸው ሰው አልነበረም። ተቆጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህ ሥራ አልፈታም» አሉ። «በል ና። መኪናዬ እዚያ ናት። አሁን ወስጄ አሳይሃለሁ። በዓይንህ ታይና አፍህን ትዘጋለህ።»

ሊያሳፍሩት ነበር የወሰዱት። ናኪቩቦን አልፈው፣ ታክሲና ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት እየተሻሙ ባጨቀዩት መንገድ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ ስለ አዳራሹ አሳምረው ነገሩት። እሱም ማን ምን እንደወሰነ እየጠየቀ ሰማቸው። ለካስ ነገሩ ብዙ ነው። ኩሽናው መጀመሪያ በስተግራ ነበር፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ቃለጽድቅ አንድ ለቅሶ ቤት ላይ በስተቀኝ ቢሆን ይሻላል ስላሉ ፈረሰ። እሳቸውን ላለማስቀየም ማንም አልተቃወመም። ከዚያ ቄሱ ምሥራቅ ምሥራቅ ስላሉ ደግሞ ፈረሰ። ደረጃው በስልክ ቦታ ቀየረ፤ እትዬ ለተጊዮርጊስ ምግብ ቤታቸው ውስጥ ወጥ እየቀመሱ ነበር ያንን የወሰኑት። ሰው አዋጥቶ ከሰጠው ላይ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ያለም አልተገኘም። ለሌለ ችግር ገንዘብ መሸሸግ ችግሩን መጥራት ነው ተብሎ፣ ያለው ሁሉ ከመሬት ገብቷል።

«ማንም ክፉ ሰው የለበትም» አለ ሚልኪያስ በለዘበ ድምፅ። «ሁሉም ለመከባበር ነው የተደረገው። ግን ግድግዳው መከባበራችሁን አያውቅም እማማ። አንድ ሐሳብ ወረቀት ላይ ሲቀየር ላጲስ ነው የሚያልቀው፤ ከቆመ በኋላ ሲቀየር የድሃ መዋጮ ነው የሚያልቀው። የሚወስነው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከመወሰኑ በፊት ማንን መጠየቅ እንዳለበት፣ መወሰኛው ቀን መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ቢነገር ኖሮ፣ አቶ ቃለጽድቅም አይቀየሙም፣ ግድግዳውም አይፈርስም።»

እትዬ ለተጊዮርጊስ መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እናታቸው ስንት ጊዜ ነግረዋቸዋል፤ አሁን ግን በገዛ መኪናቸው ውስጥ በተዘዋዋሪ ሲነገራቸው አልወደዱትም። ከዚህ ልጅ ጋር ደግመው ላለመነጋገር ወስነው፣ ወዲያው ደግሞ መልሰው አወሩት።

አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቷል። ሐይቁ ከወዲያ ያብለጨልጫል፣ መሬቱ ረግረግ ይላል። እትዬ ለተጊዮርጊስ ከድጋፎቹ መሃል ቆመው በእጃቸው አሳዩት። እዚህ ካህናቱ ይቀመጣሉ፣ እዚያ የኤምባሲና የአየር መንገድ እንግዶች፣ መሃሉ ላይ እናቶች። ከላይ ደግሞ፣ አሉ ድምፃቸው በደስታ ከፍ ብሎ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከበሮ ይዘው ሶሌታው ላይ ይወጣሉ። አዲሱን ወለል መጀመሪያ የሚረግጠው መዝሙር ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሚልኪያስ ቀና ብሎ ሶሌታውን አየ። ከአንድ ጥግ፣ ከደረጃው በኩል፣ ውሃ በቀጭኑ ይንጠባጠባል። ደረጃውን ወጥቶ ጠርዙን በቤቱ ቁልፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው። አሸዋው በጣቱ ላይ ቀረ።

ጆኒ መጣ። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ የካምፓላ ሰው ነው፤ እትዬ ለተጊዮርጊስን እንደ እናቱ ያከብራል። ሚልኪያስ ስለ ቅዳሜው ሲጠይቀው ዓይኑ ወደ እሳቸው ሄደ። እሳቸው ተናገር አሉት። ሲሞላ በመሃል ዶፍ መጥቶ እንደነበር፣ የደረጃው በኩል ገና ትኩስ ሳለ ውሃ እንደተኛበት፣ ይቁም ብሎ እንደነበርና እንግዶች ስላሉ ቀጥል እንደተባለ ተናገረ። ድጋፉን ማክሰኞ ስለማንሳት ምን እንደሚያስብ ተጠየቀ።

«ጥሩ አይመስለኝም» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ብለው አፈጠጡበት እትዬ ለተጊዮርጊስ።

«ልነግርሽ ጀምሬ ነበር፣ ማማ። ሁልጊዜ እጀምራለሁ» አለ ጆኒ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ለተጊዮርጊስ የተሰማቸው ነገር እፍረት ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም። ሰው ሁሉ እሺ ሲላቸው ሥራው የሠመረ መስሏቸው ነበር፤ እሺታው ግን ከፍርሃትና ከአክብሮት የመጣ እንጂ ከሶሌታው የመጣ አልነበረም። እፍረቱ ግን ወዲያው አላሸነፋቸውም። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የመጨረሻውን በር ሳይሞክር አይወጣም።

«እሺ፣ ንገረኝ» አሉ ወደ ሚልኪያስ ዞረው። «ይወድቃል?»

«አላውቅም።»

«ምን?»

«ላይወድቅ ይችላል። ማክሰኞ ድጋፉ ተነሥቶ፣ ሰው በልቶ፣ ልጆቹ ዘምረው በሰላም ቤታቸው ሊገቡ ይችላሉ። ይወድቃል ብዬ አልዋሽዎትም።»

«ሳታውቅ ነው እንዴ ከኪኩቦ እስከዚህ ስታደርቀኝ የመጣኸው?»

«አዎ፣ እማማ። እኔ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። እርስዎ ግን ባለማወቅዎ ላይ ሰው ጋብዘውበታል።»

እትዬ ለተጊዮርጊስ ቀና ብለው ሶሌታውን አዩ። ከዚያ ድጋፎቹን አዩ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ያሳዩትን የእናቶች ቦታ አዩ። ጆኒን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ጠየቁት፤ ይህን ሲያደርጉ ያየ የእድር አባል ቢኖር አያምንም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው በምግብ ቤታቸው ተሰበሰበ። ሚልኪያስም ተጋብዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ድግሱ በአዳራሹ ውስጥ እንደማይሆን እትዬ ለተጊዮርጊስ ሲናገሩ ቤቱ ተንጫጫ። በተለይ አቶ ቃለጽድቅ። አቶ ቃለጽድቅ ቅመም አስመጪ ናቸው፤ ስማቸው እንዳይነካ እንጂ ገንዘባቸው ቢነካ ግድ የላቸውም። የኤምባሲና የአየር መንገዱን ሰዎች በገዛ እጃቸው የጠሩት እሳቸው ናቸው። በዓሉ በዩጋንዳም የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ሁሉም ሥራ ፈት ነው፣ የማይመጣ የለም፤ ሰው ጠርቶ ጭቃ ላይ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው አሉ። ስለት ተስሎ መሻርስ? ደግሞስ አንድ ከትናንት ወዲያ የመጣ ልጅ ሟርቱን ይዞ ሲመጣ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሰዎች ይሰሙታል? በእጅ ማውጣት ይወሰን አሉ። ድጋፉ ይነሳ የሚል እጅ ከግማሽ በላይ ወጣ።

እትዬ ለተጊዮርጊስ እጆቹን አንድ በአንድ አይተው ተነሡ።

«መልካም» አሉ። «ድምፅ ሰጥታችኋል። እንግዲህ ከበሮ የሚመታው ልጅ መሃል ላይ ነው የሚቆመው። የማን ልጅ ይሁን? ስሙን አሁን ስጡኝ።»

የወጡት እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ።

«ከሥሩ የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። የማን ሚስት መሃል ላይ ትቀመጥ? እጁን ያወጣ ሁሉ አንድ ስም ይስጠኝ። የሰው ልጅ አልፈልግም፣ የየራሳችሁን።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። አንዲት ሴት ያወጣችውን እጅ ነጠላዋ ሥር ደበቀች።

«ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ» አሉ አቶ ቃለጽድቅ፣ «ይህ ጥያቄ ሳይሆን ማሟረት ነው።»

«ሟርት ከሆነ ስም ጠርተው ያሳፍሩኝ፣ አቶ ቃለጽድቅ። የልጅ ልጅዎ ጥሩ ከበሮ ትመታለች።»

አቶ ቃለጽድቅ ፊታቸው ተለዋወጠ። ስም አልጠሩም። ቢሆንም በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም። «እንግዲያው ቁርጡን ይንገሩን» አሉ። «ይወድቃል ነው የሚሉን ወይስ አይወድቅም?»

«አላውቅም» አሉ እትዬ ለተጊዮርጊስ። «ይሄ ልጅም አያውቅም። ጆኒም አያውቅም። ከሶሌታው ናሙና ቆርጠው የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ቀን ይፈልጋሉ። እኔ በማላውቀው ነገር ስሜን ላስይዝ እችላለሁ፤ ይኸው ባለፈው ዓመት በአደባባይ አስይዤዋለሁ፣ ዘንድሮ ይወሰድ። ልጆቻችሁን ግን አላስይዝም። ስለቱ የኔ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅር ካለው ከኔ ጋር ይነጋገር፣ እናንተ አትግቡበት። የግንባታው ግቢ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ ድጋፉ አይነሳም። ሰብሳቢነቴን ማንሳት ትችላላችሁ፤ አንድ እንጨት ግን ማንሳት አትችሉም።»

ሰብሳቢነታቸውን ያነሳ አልተገኘም። እጆቹም ደግመው አልወጡም።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ድግሱ በአዳራሹ ግቢ ሸራ ተወጥሮ ሆነ። ዘነበም። እንግዳው ጫማው ጨቀየ፣ አንድ ሁለት ሰው አሾፈ፣ የኤምባሲው ሰው ቶሎ ሄደ። ስለቷ ከሸፈ ብለው በጆሮ የተቀባበሉም ነበሩ። እትዬ ለተጊዮርጊስ ሰሙ፤ አንገታቸውን አልደፉም። ከጀርባቸው የቆመውን አዳራሽ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ «ገና አልበሰለም» እያሉ ወጥ ጨመሩለት። ውስጣቸው ግን አዝኖ ነበር፤ ማታ ቤታቸው ገብተው አልቅሰዋል፣ ይህንንም አልደብቅም።

ናሙናው ተቆርጦ ተለካ። ሶሌታው ባብዛኛው ደህና ሆነ። በደረጃው በኩል ዝናብ የተኛበት ክፍል ግን ደካማ ተገኘና ፈርሶ እንደገና ተሞላ። በበዓሉ ቀን ይወድቅ ነበር ወይ ተብሎ ሚልኪያስ ደግሞ ተጠየቀ። አሁንም አላውቅም አለ። እትዬ ለተጊዮርጊስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የወደዱት፤ ትክክል ነበርኩ ለማለት እንኳ የማይዋሽ ሰው ብርቅ ነው አሉ።

የዚህ ነገር ጥቅሙ ምን ሆነ የሚል ይኖራል። ልንገረው። ዛሬ በዚያ እድር ስብሰባ ሲጀመር፣ ከጸሎት ቀጥሎ፣ በየተራ አንድ ሰው ይነሣና ምን ሊበላሽ እንደሚችል ሳይፈራ ይናገራል፤ የሚቆጣው የለም፣ ይመሰገናል እንጂ። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያ አላቸው፤ ያ የተበላሸ ክፍል እንደገና ሲሞላ መዋጮ ለመጠየቅ በየቤቱ የዞረ አልነበረም፤ ከበዓሉ በኋላ ያጠራቀሙት በቃ። ከሠሩ በኋላ መቀየር ክልክል ነው፤ ሐሳብ ያለው ቀኑ ሳያልፍ ያምጣ ይባላል፣ አቶ ቃለጽድቅም ሳይቀየሙ ቀኑን ጠብቀው ያመጣሉ። ጆኒ ይቁም ካለ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ አንድም ግድግዳ ሁለቴ አልተሠራም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው ያሉት፤ እኛ ተረቱን ይዘን ቅጠሉን ረሳነው እንጂ። ፈጣሪን ማመን አስቀድሞ ከማሰብ ጋር የሚጣላ ቢሆን ኖሮ እድርን ማን ያቆመው ነበር?

አዳራሹ የተመረቀው በሐምሌ ነው፣ ባገራችን ሰማዩ ሲደፈርስ ካምፓላ ግን ደርቃ አቧራ በምታነሳበት ወር። ድጋፉ ከወጣ ሰንብቷል። ልጆቹ ከበሯቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። የአቶ ቃለጽድቅ የልጅ ልጅም ከፊት ነበረች፤ አያቷ ራሳቸው እጇን ይዘው አወጧት። ሕዝቡ ግን ከደጅ ቆሟል። ምክንያቱን አይናገር እንጂ ሁሉም ጣሪያውን ያያል፣ እግሩም ደፉን አልፎ አልገባም።

እትዬ ለተጊዮርጊስ አንድ ወንበር አንሥተው ብቻቸውን ገቡ። መሃል ላይ፣ ያኔ እናቶች ይቀመጡበታል ባሉት ቦታ፣ ወንበሩን አቁመው ተቀመጡ። ከበላያቸው ከበሮው ተመታ፣ እግር ሁሉ ባንድ ላይ ወረደ፣ ወለሉ ዘመረ። ቀና ብለው አላዩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ደጁ ዞሩ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «ግቡ እንጂ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»